ባህር ዛፍ ለፍርድ ሲቀርብ፦ የአንዲት መምህርት ማስታወሻ፣ የካ 2017 ዓ.ም.

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ነገ ኅዳር ይታጠናል። ዛሬ በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ መጽሐፉን አስዘግቼ ልጆቹን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፤ «ነገ ቆሻሻ የምናቃጥለው ለምንድን ነው?»

አምስተኛ ክፍሎች እጅ ለማውጣት አይሰንፉም። «ሚካኤል ስለሆነ፣ ቲቸር!» «በሽታ እንዲሄድ!» «አያቴ ስለምታቃጥል!» «ሁሉም ስለሚያቃጥል!» ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና «እንዴት አወቃችሁ?» አልኩ። የተዘረጉት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

ይህችን ዝምታ እፈልጋታለሁ። ልጆቻችን ስለ አካባቢ ሲጠየቁ መልስ አያጡም። ዛፍ መትከል ጠቃሚ፣ ቆሻሻ መጣል ጎጂ መሆኑን በኅብረት ሲናገሩ ክፍሉን ያናጉታል፤ ፈተና ላይም አይስቱትም። ምክንያቱን ፈልጉ፣ ምክንያቱ የማይሠራበትንም ቦታ ፈልጉ ያላቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩን ነገርኳቸው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የእስፓኝ ጉንፋን አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋ ገና ትንሽ ሳለች ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተባት የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፋ። ሕዝቡ በሽታውን ከቆሻሻና ከክፉ ሽታ ጋር አያይዞ ስለነበር ጠርጎ አቃጠለ፤ በሽታው ሲያልፍ ቀኑ ልማድ ሆኖ ቀረ። የሰው ጉንፋን ቫይረስ በምርምር ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ እሳት የለኮሱት ሰዎች በነበራቸው እውቀት ልክ አስበው ነው ያደረጉት። ይህን ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ አባቶቹን መናቅ የተማረ ልጅ ማሰብ ተማረ አልልም።

የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ ነገ በየሰፈራችሁ ምን እንደሚቃጠልና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አይታችሁ ኑ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ስወርድ በየደጃፉ ክምር ይጨሳል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ወደ የካ ሚካኤል ይጎርፋሉ። ከቅጠሉና ከጥራጊው ጭስ ይልቅ አፍንጫዬን የያዘው የላስቲክ ሽታ ነው።

ክፍል ስገባ ልጆቹ እስክቀመጥ አልጠበቁኝም። ከሽቅቡ መንደር የምትመጣው ልጅ «ቲቸር፣ ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም። ከእኛ በታች እንደ ብርድ ልብስ ተኝቷል» አለች። ከቀበና ወንዝ ዳር የሚመጣው ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ «እኛ ጋ ያቃጥላል» አለ። ሁለቱ ልጆች በአንድ ጠዋት ያዩት አንድ ጭስ ነው፤ አንዷ ከላይ፣ አንዱ ከውስጥ።

ለምን ተኛ? የኅዳር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ነው። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከእንጦጦ ተዳፋት ቀዝቃዛው አየር ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ሞቅ ያለው ከላይ ሆኖ ይከድነዋል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ ጭሱ መውጫ የለውም። ይህን ከማስረዳቴ በፊት ግን ራሳቸው እንዲገምቱ ጊዜ ሰጠኋቸው። አንዱ ነፋስ ስለሌለ ነው አለ፤ ሌላዋ ጭሱ ከብዶት ነው አለች። ሁለቱም ከእውነቱ ሩቅ አልነበሩም።

ከዚያ ከኋላ ወንበር «ከሰዓት ቢቃጠል አይሻልም?» የሚል ድምፅ መጣ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ላስቲኩ ግን ከሰዓትም ላስቲክ ነው» አለው። ዛሬ ምንም ባላስተምር ይህች ምልልስ ትበቃኝ ነበር።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

የአንድ ልጅ አያት በር ላይ ጠበቁኝ። ልቤ ዝቅ አለ፤ የሚካኤልን ቀን ነካሽ ሊሉኝ ነው ብዬ። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ሐሙስ ዕለት ክምሩ አጠገብ ቆሞ ፌስታሉን ሲለቅም ዋለ» አሉኝ። «ቆሻሻ መጥረጉን አትተዊ፣ ይሄን ብቻ አታቃጥዪ አለኝ። እኔም አሰብኩት። በእኛ ጊዜ ፌስታል የት ነበር? የምናቃጥለው ገለባና ቅጠል ነበር እኮ።»

እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን እኔ በሁለት ክፍለ ጊዜ ነው ለማስረዳት የሞከርኩት። ልማዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክምሩ ነው። የልጅ ልጃቸው የትኛው ይቀጥል፣ የትኛው ይቅር ብሎ ለየ። እሳቸውም ልጅ ነው ብለው አልናቁትም።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ዛሬ ስለ ደን ጥቅም ነበር ትምህርቱ። አንዱ ተነሥቶ «አባቴ ባህር ዛፍ ውሃ ያደርቃል፣ መነቀል አለበት ብሏል» አለ። ከመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ወዲያው «እኔን ያሳደገኝ ባህር ዛፍ ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም። እናቷ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው እያወረዱ ይሸጣሉ።

«የትኛው ልክ ነው፣ ቲቸር?» አሉኝ። ለማክሰኞ ቀጠሮ ሰጠሁ፤ ባህር ዛፍ ይከሰሳል። ከሳሽ፣ ጠበቃ፣ ምስክሮችና ሦስት ዳኞች መረጡ። አገራችን በላ ልበልሃን፣ ተጠየቅ ልጠየቅን ያወጣች የሙግት አገር ናት። ተሟጋች በአደባባይ ቆሞ፣ ምክንያቱን ደርድሮ፣ በጥያቄ ባላጋራውን የሚያፋጥጥበት ወግ የነበረን ሰዎች ክፍል ውስጥ ልጅ ዝም ብሎ እንዲሰማ ብቻ ማድረጋችን ያሳዝነኛል። አንድ ደንብ ጨመርኩ፦ ማንም ከመመለሱ በፊት ባላጋራው ያለውን ደግሞ ይናገራል፤ ባላጋራው «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ካላለ አይቀጥልም።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ከአንዳንዶቹ ልጆችና ከወላጆቻቸው ጋር ዳገቱን ወጣን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሸክም የያዙ ሴቶች ይወርዳሉ። ወገባቸው ጎብጦ የሚያዩት የእግራቸውን ሥር ብቻ ነው። የሸክሙ ክብደት ከ30 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ አንዳንዷ ከራሷ ክብደት የሚተካከል ትሸከማለች። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ እነዚህ ሴቶች ሥራ አስጠንቶ፣ ከዚያም የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ ሽመና የጀመሩ አሉ። መንገዱ ግን ዛሬም ከተሸካሚ አልጎደለም።

ከሴቶቹ አንዷ ዕረፍት ላይ ሳሉ ልጆቹ «እትዬ፣ ከየት ነው የሚያመጡት?» ብለው ጠየቋቸው። ሌሊት 10 ሰዓት እንደሚነሡ፣ የወደቀ ቅጠልና ደረቅ ቅርንጫፍ እንደሚለቅሙ፣ ጥበቃ ካገኛቸው ሸክሙ እንደሚወሰድባቸው፣ ካላገኛቸው ለእንጀራ ጋጋሪዎች እንደሚሸጡ ነገሯቸው። ልጆቹ እየተቀባበሉ ጻፉ።

እኔ ደግሞ ቁጭ ብለን ስንቃችንን ስንበላ ያለፈውን ነገርኳቸው። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ፣ ኋላም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። ማገዶ በመጥፋቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራሊያ የተገኘው ባህር ዛፍ ገባ። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማዋ ባለችበት እንድትቀመጥ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው።

አንዷ ልጅ ከዛፎቹ ሥር እየተንበረከከች ስታይ ቆይታ «ሣር የለም» ብላ ጻፈች። ትንሽ ራቅ ብለን፣ ዛፍ ከሌለበት ጫፍ ላይ ሣር ነበር። እሱንም ጻፈች።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ችሎቱ ተሰየመ። ርእሰ መምህሩም መጥተው ከኋላ ተቀመጡ።

ከሳሹ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሥሩ ሣር አያበቅልም፤ ሣር የሌለው ተዳፋት ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ይታጠባል፤ አፈሩ ወደ ቀበና ይወርዳል። ብዙ ውሃ ይጠጣል። ቅዳሜ የጻፈችውን ልጅ ምስክር አድርጎ አቀረባት። የጠበቃዋ ጥያቄ ግን ጠንካራ ነበር፤ «ሣር ያልበቀለው በዛፉ ነው ወይስ ሰው ስለሚረግጠው፣ ቅጠሉም ስለሚጠረግ?» ምስክሯ አሰበችና «አላውቅም፤ ሁለቱም ይሆናል» አለች። ከሳሹ ምስክሩን በማጣቱ ተናደደ። እኔ ግን ዘንድሮ ከሰማኋቸው መልሶች ይህን አስበልጣለሁ። ልጅ በአደባባይ፣ በራሷ ወገን ፊት፣ ያየችውን ካላየችው ለየች።

ጠበቃዋ ቀጠለች። የቤታችን ቋሚና ማገር፣ ሕንጻ ሲሠራ የሚቆመው አጣና፣ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠንበት ቅጠል ከየት ነው? ዛፉ ባይኖር ጽዱ ሁሉ እስከ ዛሬ አልቆ አልነበረም ወይ? ከሳሹ «አሁንማ ባህር ዛፉ ጨርሶታል» አላት። «አንተ ያልከው ባህር ዛፍ ጨረሰው ነው። የጨረሰው ሰው ነው፤ ባህር ዛፍ የመጣው ካለቀ በኋላ ነው» ብላ መለሰችለት። ደንቡ እንደሚያዝዘው ደገመው፤ ሲደግመው ድምፁ ዝቅ አለ።

ቀጥሎ የቅጠል ሻጯ ልጅ ተጠራች። ተሸማቅቃ ነበር የመጣችው። እናቷ ስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ሸክሙ ሲወሰድ ማታ ምን እንደሚበሉ ተናገረች። ከሳሹ በትሕትና «ዛፉ ሁሉ በጽድና በወይራ ቢተካስ?» አላት። «ጽዱ እስኪያድግ እኔ አድጌ እወልዳለሁ። እስከዚያ ማን ያበላናል?» አለችው። ማንም አልሳቀም።

ከዚህ በኋላ ያልጠበቅኩት መጣ። ከዳኞቹ አንዱ «ሁሉም ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢኖረውስ? ጭስ ይቀራል፤ ዛፉም ይተርፋል። ግን የእሷን እናት ቅጠል ማን ይገዛቸዋል?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ አዋቂዎች በስብሰባ ላይ አንሥተው ሳይመልሱት ሲያልፉ አይቻለሁ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ምንጭና ወንዝ አጠገብ ያለው ባህር ዛፍ ቀስ በቀስ በአገር በቀል ይተካ፤ ሰው ለማገዶና ለአጣና የተከለው ይቆይ፤ የተሸካሚዎቹ ሴቶች ጉዳይ ስላልተጣራ ለሌላ ቀጠሮ ተላልፏል። ዳኞቹ ሳያውቁት የተናገሩት የመጀመሪያው ክፍል እንጦጦ ላይ ዓመታት ያስቆጠረ ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ባህር ዛፉን በአገር በቀል ዛፎች ሲተካ ቆይቷል። ይህን የነገርኳቸው ፍርዳቸውን ከሰጡ በኋላ ነው። በፊት ብነግራቸው ኖሮ ያንኑ መልሰው ይነግሩኝ ነበር።

ርእሰ መምህሩ ሲወጡ «ታዲያ መልሱ የቱ ነው?» አሉኝ። ልጆቹ የሰጡት ነው አልኳቸው፤ ቀጠሮውንም ጨምሮ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

የክፍሉ ወለል ላይ ከበሩ እስከ ኋላ ግድግዳ በጠመኔ ወንዝ ሣልን። በሩ እንጦጦ ነው። ቀበና ወርዶ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ፣ ከዚያ ረጅሙ የአፋር በረሃ። «ባህር የሚገባው የት ጋ ነው?» አሉኝ። አዋሽ ባህር አይገባም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ይህ አስደነገጣቸው። ከቤታችን የወጣው ሁሉ የሚቀረው ባህር ሳይደርስ፣ የሆነ ሰው ደጃፍ ነው።

ልጆቹ በመስመሩ ላይ ቆሙ። አቃቂ ላይ የቆመችው ጎመንና ቆስጣ አብቃይ ሆነች፤ በወንዙ ውሃ ታጠጣለች። ጎመኑ በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማ ይመለሳል። ላይኛው ጫፍ ላይ የቆመው ልጅ ቆጠረና «ታዲያ የጣልነው ተመልሶ ድስታችን ውስጥ ገባ ማለት ነው?» አለ። ሊሆን ይችላል፤ ጎመናችሁ ከየት እንደመጣ ግን ባለጉሊቷን ጠይቃችሁ ንገሩኝ አልኩት።

ቀጥሎ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ክርክር ተነሣ። «የእኛ ትንሽ ናት» አለ አንዱ። «የሁሉም ትንሽ ናት፤ ለዚህ ነው የበዛችው» አለችው ጎረቤቱ።

ከዚያ ከወንዙ ዳር የሚመጣው ልጅ አንገቱን ደፍቶ «የእኛ ሽንት ቤት ወንዙ ላይ ነው» አለ። ክፍሉ ወደ እሱ ዞረ። ትምህርቱን አቁሜ «ሌላ ቦታ አላችሁ?» አልኩት። «የለንም።» «ፍሳሽ መስመር ሰፈራችሁ ገብቷል?» «አልገባም።» «ስለዚህ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ ነው?» ብዙ ድምፅ «አይደለም» አለ።

ይህን ዛሬ ማታ በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ። ለድሃ ልጅ ስለ አካባቢ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምናስተምረው ቤቱን እንዲያፍርበት ነው። ቆሻሻው ከእሱ ደጅ ይታያል፤ የባለ ግንቡ ቤት ቆሻሻ በመኪና ስለሚሄድ አይታይም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ያ ልጅ ባለመብት ነው። ጥፋተኛ ሆኖ ተሸማቅቆ እንዲቀመጥ ካደረግነው ሁለተኛ እጁን አያወጣም፤ ስለ ወንዙ ከሁላችንም የበለጠ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። የት እንደሚሸት፣ በየትኛው ወር ቀለሙ እንደሚለወጥ፣ ክረምት ውሃው እስከየት እንደሚወጣ ዛሬ የነገረን እሱ ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሌሊት ጅብ እስከ አስፋልቱ ወርዶ ነበር፤ ልጆቹ የሚያወሩት ሁሉ ስለ እሱ ነው። ይገደል የሚሉት በዙ። በመቀሌ የተደረገ አንድ ጥናት ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ ጥንብና የሥጋ ተረፈ ምርት እንደሚበሉ፣ ይህም ከበሽታ እንደሚጠብቅ አሳይቷል አልኳቸው። «ታዲያ ጅቡ ቢጠፋ ጥንቡን ማን ያነሣዋል?» ብለው ተያዩ። በግ የተበላበት ቤት ልጅ ግን አልተዋጠለትም፤ አልተጫንኩትም። በጉ የእነሱ ነበር።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ከፋሲካ ዕረፍት መልስ ባለፈው ክረምት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የተተከሉትን ችግኞች ልንቆጥር ወጣን። ሐምሌ ላይ ፎቶ ተነሥተንባቸዋል። ቆመው ያገኘናቸው ከግማሽ በታች ናቸው።

እያንዳንዱን የሞተ ችግኝ «ምን ገደለው?» ብለው እንዲመረምሩ በቡድን ከፋፈልኳቸው። ፍየል የበላው አለ፤ ጥርሱ ያረፈበት ይታያል። አቋራጭ መንገድ ላይ ተተክሎ የተረገጠ አለ፤ መንገዱ ከችግኙ በፊት ነበር። በጋውን ውሃ ያላገኘ ብዙ ነው። አንድ ቡድን ግን የደረቀ ወይራ ሲነቅል ሥሩ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ አገኘው። የችግኝ ጣቢያው ፕላስቲክ ሳይወልቅ ነው የተተከለው፤ ሥሩ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ መውጫ አጥቷል። ሌሎቹን ሲቆፍሩ ሌላም አገኙ።

በሐምሌ 22፣ 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እነዚህ ልጆች ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ሲተከል አይተው ነው ያደጉት። መትከል እወዳለሁ፤ እነሱም ይወዳሉ። ዛሬ ከቡድኖቹ የአንዱ ጸሐፊ «ቲቸር፣ መቁጠር ያለብን ሐምሌ ነው ወይስ ሚያዝያ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱንም እንዲጽፍ ነገርኩት። ገጹን ለሁለት ከፍሎ ግራው ላይ «የተተከለ»፣ ቀኙ ላይ «የቆመ» ብሎ ጻፈ፤ ከቀኙ አጠገብ ደግሞ በራሱ ሐሳብ «ማን ያጠጣል?» የሚል ሦስተኛ ረድፍ አሰመረ።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

የዓለም የአካባቢ ቀን። የዘንድሮው መሪ ሐሳብ የፕላስቲክ ብክለትን ማስቆም ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሦስት ልጆች በቃላቸው ያጠኑትን መፈክር አሰሙ፤ ተጨበጨበ። መፈክሩ ላይ ጥላቻ የለኝም። የሚከፋኝ ከመፈክሩ በኋላ ምንም ጥያቄ ሳይከተል ሰልፉ መበተኑ ነው።

በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ትብሊሲ ላይ ዩኔስኮ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጋር ባደረገው ጉባኤ አገሮች ስለ አካባቢ ትምህርት መርሖች ተስማምተው ነበር። ከመርሖቹ አንዱ የአካባቢ ችግሮች ውስብስብ ስለሆኑ ተማሪው የመመርመርና ችግር የመፍታት ችሎታ ማዳበር አለበት ይላል። ይህ ከተባለ ወደ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ መጽሐፉን መጨረስ ግዴታ በሆነበት ሁኔታ ይህን ማድረግ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንድን ርእስ ዘልሎ አንድን ጥያቄ እስከ ሥሩ መከተል እንደሚቻል ልጆቹ ዘንድሮ አሳይተውኛል።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ፈተና አልቋል፤ ልጆቹ ግን ይመጣሉ። በዚህ ሰሞን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁን ሰምተዋል። አንዱ ከአባቱ ጋር ተከራክሮ የድሮውንም አግኝቶ መጣ፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች ለሆኑ ፌስታሎች የማምረትም ሆነ የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። «ታዲያ ለምን በዛ?» አለ። አንዲት ልጅ ከኪሷ ፌስታል አውጥታ ዘረጋችና «ይሄ ከ0.03 በታች ነው በላይ? ባለሱቁ በምን ይለካዋል?» አለች።

ሾላ ገበያ ሄደው ባለጉሊቶችን ጠይቀው ተመለሱ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ፌስታል ከነገ ጀምሮ ባይኖር ዕቃውን በምን ትሰጣላችሁ? ለሽንኩርትና ለድንች ዘንቢል፣ ለቅመማ ቅመም ጋዜጣ፣ ለዳቦ ጨርቅ አገኙ። ያልተገኘላቸውን ለብቻ ጻፉ፦ ጥሬ ሥጋ፣ ለጋ ቅቤ፣ በ10 ብር የሚቸረቸር ዘይት። ዘይቱን በፌስታል የሚወስዱት በሠልፍ መጨረሻ የሚቆሙት፣ ጠርሙስ የሌላቸው ገዢዎች እንደሆኑ አንዲት ባለጉሊት ነግራቸዋለች። ይህንንም ጽፈውታል።

እሑድ የወላጆች ቀን ነው። ከመርሐ ግብር አዘጋጆቹ አንዱ ልጆቹ ስለ ፕላስቲክ ጉዳት አጭር ግጥም እንዲያቀርቡ ጠየቀኝ። ልጆቹን አማከርኳቸው። ግጥሙን የሚችል አለ፤ እነሱ ግን ዝርዝሩን ማንበብ ይፈልጋሉ፤ በተለይ መልስ ያጡለትን፤ ከወላጆች መካከል ሥጋ ቤት ያላቸው፣ ዘይት የሚቸረችሩ አሉና እነሱን መጠየቅ ይሻላል ይላሉ። ለአዘጋጁ የሚነበበው ዝርዝሩ መሆኑን ነገርኩት። የቅጠል ሻጯ ልጅ ታነባለች፤ ከመድረኩ ሥር ደግሞ ሁለት ልጆች ደብተርና እርሳስ ይዘው የወላጆችን መልስ ይጽፋሉ።